የቁርስ ቤት ቻፓቲን ከፉርኖ ዱቄትና ከዘይት ብዛት እንዴት ላላቅቀው?

ቁርስ ቤት ከጅማ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ አምስት ጠረጴዛ ያላት ቁርስ ቤት ከፍቼ መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ ፈጢራና እንቁላል ፍርፍር እሠራለሁ፤ ዋናው ገበያዬ ግን ቻፓቲ ነው፤ በሥራ ቀን እስከ ሰማንያ ይሸጥልኛል። ሊጡን የማቦካው በፉርኖ ዱቄት፣ በጨው፣ በጥቂት ስኳርና በዘይት ሲሆን፣ መጥበሻው ላይ ሲወጣም በሁለቱም ጎን ዘይት አፈስበታለሁ። ሙያውን ያስተማረችኝ ሴት የምትሠራው እንዲህ ነበር፤ እኔም ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

እንድጠይቅ ያደረጉኝ ሁለት ደንበኞቼ ናቸው። አንደኛው ሕንዳዊ መምህር ሲሆኑ፣ አንድ ቀን ቻፓቲውን በሁለት ጣታቸው ብድግ አድርገው፣ ከሥሩ ሳህኑ ላይ የቀረውን የዘይት ክብ እያሳዩኝ፣ ይህ በእነርሱ ቤት ቻፓቲ ሳይሆን ፓራታ እንደሚባል ነገሩኝ። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ከከፈትኩበት ሳምንት ጀምሮ ደንበኛዬ ነበሩ፤ ሐኪም ስኳር እንዳለባቸው ከነገራቸው ወዲህ ግን እየመጡ ሻይ ያለ ስኳር ብቻ ጠጥተው፣ ሌላው ሲበላ እያዩ ይሄዳሉ። እርሳቸውን ባየሁ ቁጥር ሥራዬ ላይ አንድ ጉድለት ያለ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። መጀመሪያ ስንዴ ገዝቼ፣ አስለቅሜ፣ ወፍጮ ቤት አስፈጭቼ ሳልነፋ ጋገርኩት። ከምጣድ ሲወጣ መልካም ነበር፤ ጠዋት 12 ሰዓት የተጋገረው ግን 4 ሰዓት ላይ ሲታጠፍ እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰነጠቀ፤ አንድ ደንበኛም ግማሹን ሳህኑ ላይ ትቶት ሄደ። ቀጥዬ ዳጉሳና ስንዴ እኩል እኩል ቀላቀልኩ፤ ይህ ደግሞ ገና በመዳመጫው ሥር ጠርዝ ጠርዙ እየተፈረፈረ አልዳመጥም አለኝ።

የምጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው፦ ያልተነፋ ስንዴ ወይም ዳጉሳ የገባበት ቻፓቲ እስከ ረፋድ ድረስ ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ምን ማድረግ ይገባል? ዘይቱን ምን ያህል ብቀንስ ነው ጣዕሙ የማይጠፋው? ደግሞስ ግድግዳዬ ላይ "ለስኳር ሕመምተኞች የሚስማማ" ብዬ ብጽፍ ስሕተት ይሆንብኛል? የገበያዬ ሰው አብዛኛው ተማሪ ስለሆነ ዋጋ ብዙ ልጨምር አልችልም።

ፑንጃብ የተማረ፦

እህቴ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት ሰሜን ሕንድ፣ ፑንጃብ ውስጥ ስለሆነ ያየሁትን ልንገርዎት፤ መምህሩ የነገሩዎት እውነት ነው። በዚያ አገር ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚጋገረው ሮቲ ወይም ቻፓቲ የሚሠራው አታ ከሚባለው ፉርሽካው ካልወጣለት የስንዴ ዱቄትና ከውሃ ነው፤ በብዙ ቤት ጨው እንኳ አይገባበትም፤ ምክንያቱም ወጡ ጨው አለው። ታዋ በሚባለው ደረቅ ብረት ምጣድ ላይ ሁለቱንም ጎን ካሳዩት በኋላ ለጥቂት ሰከንድ በቀጥታ እሳት ላይ ያደርጉታል፤ ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሁለቱን ገጽ ያለያያቸውና እንደ ኳስ ይነፋል። ይህን ፑልካ ይሉታል፤ ዘይት አልነካውም። ከፈለጉ በመጨረሻ ላይ ትንሽ የተነጠረ ቅቤ ያስነኩታል፤ ያው ማስነካት ነው እንጂ ማፍሰስ አይደለም።

ፓራታ ሌላ ነው፤ በየንብርብሩ ቅቤ ወይም ዘይት ተቀብቶ፣ ተጣጥፎ፣ እንደገና ተዳምጦ ይጠበሳል። ናን ደግሞ ከነጩ ዱቄት፣ እነርሱ ማይዳ ከሚሉት፣ በእርሾና በእርጎ ተቦክቶ ታንዱር በሚባለው የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ናን በአብዛኛው የምግብ ቤት እንጀራ ነው ልበል፤ እቤቱ ታንዱር ያለው ሰው ጥቂት ነው። ዳባ የሚባሉት የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ዘንድ ሲቀርቡ ግን በዝርዝሩ ላይ ከናኑ አጠገብ ታንዱሪ ሮቲ አለ፤ እርሱ ካልተነፋ ስንዴ የሚሠራ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ዋጋውም ከናኑ ያንሳል። ለጤና የሚሻለው እዚያ አዲስ ፈጠራ ሆኖ አልመጣም፤ ድሮም ርካሹ እርሱ ነበር።

ታዲያ የእኛ ቻፓቲ ለምን እንዲህ ሆነ ብለው ቢጠይቁ፣ እንግሊዞች ከሞምባሳ ተነሥቶ ወደ ኡጋንዳ የሚወስደውን የባቡር ሐዲድ ከ1896 እስከ 1901 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ሲሠሩ ከሕንድ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች አምጥተው ነበር፤ ቻፓቲ በምሥራቅ አፍሪካ የተስፋፋውም በእነርሱና ተከትለዋቸው በመጡት ነጋዴዎች ነው። ዛሬ በኬንያ ቻፓቲ የሚባለው በነጭ ዱቄትና በዘይት የሚሠራ፣ ስሙ ቻፓቲ ግብሩ ፓራታ የሆነ ነው። የእርስዎም በእኔ ግምት የዚያ ዘመድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፑንጃቦች በክረምት የበቆሎ ሮቲ ከሰናፍጭ ቅጠል ወጥ ጋር ይበላሉ፤ የመጀመሪያ ቀን ሲቀርብልኝ የበቆሎ ቂጣና ጎመን ነው ብዬ ሳቅሁ፤ እውነትም ነው። ሚሲ ሮቲ የሚሉት ደግሞ የሽምብራ ዱቄት ከስንዴ ጋር ተደባልቆ፣ አጅዋይን ተጨምሮበት ይጋገራል፤ አጅዋይን ማለት የእኛው ነጭ አዝሙድ ነው። በሕንድ ሐሳብ አቅራቢነት የተባበሩት መንግሥታት በፈረንጆች አቆጣጠር 2023ን የማሽላና የዳጉሳ ዘመዶች ዓመት ካደረገው ወዲህ የዳጉሳው፣ የማሽላው ሮቲ በከተማ ምግብ ቤቶች ዝርዝር ላይ ስሙ ጎልቶ መታየት ጀምሯል። ዳጉሳን ራጊ ይሉታል። እኔን የሚገርመኝ ዳጉሳ መጀመሪያ የለመደው በእኛው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ መሆኑና ወደ ሕንድ የተሻገረው ከሺህ ዓመታት በፊት መሆኑ ነው። እርስዎ ከሕንድ ተምረው ዳጉሳ ቻፓቲ ውስጥ ቢከቱ የራስዎን ዕቃ መልሰው መረከብዎ ነው።

የምግብ ሳይንስ ባለሙያ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣ የገጠመዎት ችግር ሁለት ምክንያት ስላለው ለየብቻው ላስረዳ።

ያልተነፋው ስንዴ የደረቀብዎት ውሃ ስላነሰው ነው። ፉርሽካ ውሃ ይመጥጣል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጥጠው። ስለዚህ ሊጡ ሲታሸ በቂ መስሎ የታየው ውሃ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያንሳል። ከዚህም በላይ የፉርሽካው ቅንጣት ሊጡን የሚያያይዘውን ግሉተን እየቆራረጠ ያላላዋል። ለአንድ ኪሎ ፉርኖ ከ550 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ውሃ የሚበቃ ከሆነ፣ ላልተነፋው ዱቄት ከ650 እስከ 750 ያስፈልጋል፤ እጅ ላይ ትንሽ እስኪጣበቅ ድረስ ያርጡት፤ ከዚያ ሸፍነው ቢያንስ 30 ደቂቃ ያሳርፉት። ሲነሣ መጣበቁን ትቶ ለስልሶ ያገኙታል። ሕንዶች ዱቄታቸውን የሚያስፈጩት ጫኪ በሚባል የድንጋይ ወፍጮ ነው፤ ድንጋዩ ስታርቹን፣ ማለትም የዱቄቱን ዋና ክፍል፣ ስለሚሰባብረው ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ሮቲያቸው ለስላሳ ሆኖ የሚቆይበት አንዱ ምስጢር ይህ ነው። እርስዎም ወፍጮ ቤቱን በደንብ አድቅቆ እንዲፈጭልዎት ይጠይቁ።

የዳጉሳው ነገር ከዚህ ይለያል። ዳጉሳ ግሉተን ጨርሶ የለውም፤ በቀዝቃዛ ውሃ ቢያሹት እንደ አሸዋ ነው። መፍትሔው የዳጉሳውን ዱቄት ለብቻው በፈላ ውሃ ማገንፋት ነው፤ ስታርቹ ሙቀት ሲያገኝ ውሃ መጥጦ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ ግሉተን ይሠራው የነበረውን ማያያዝም በከፊል ይተካል። ሲበርድ ከስንዴው ሊጥ ጋር ይታሻል። ለቁርስ ቤት ሥራ ዳጉሳው ከአራት እጅ አንዱን ባያልፍ ይሻላል። የሽምብራ ዱቄትም ከአሥር እጅ አንድ ወይም ሁለት ቢገባበት ፕሮቲኑን ከፍ ያደርገዋል፤ ስንዴ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ይጎድለዋል፤ ሽምብራ ደግሞ በእርሱ የበለጸገ ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ ልምጣ፤ ትልቁ ጉዳይ ያለው እዚህ ይመስለኛል። አንድ ቻፓቲ 60 ግራም ዱቄት ይወስዳል ብንል፣ ዱቄቱ የሚሰጠው ኃይል 210 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ያህል ሲሆን 120 ኪሎ ካሎሪ አለው። በሊጡ ውስጥና በሁለቱ ጎን የሚገባው ተደምሮ ሁለት ማንኪያ ቢሆን 240 ይሆናል፤ ማለትም ደንበኛው ቻፓቲ ብሎ ከሚበላው ውስጥ የሚበልጠውን ድርሻ የሚይዘው ዘይቱ ነው። የሚረጋውን የፓልም ዘይት የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ያህሉ የልብ ሐኪሞች ቀንሱ የሚሉት ዓይነት ስብ መሆኑን ልብ ይበሉ። ዱቄቱን ሳይነኩ ዘይቱን ብቻ ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢያወርዱት እንኳ ከማንኛውም የዱቄት ለውጥ የበለጠ ልዩነት ይመጣል።

ዘይት ለምን እንደሚበዛ ግን ማወቅ ደግ ነው። የተጋገረ ስታርች ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይደድራል፤ ዘይቱ ይህን ድድርና ያዘገየዋል፤ ነጋዴው የሚወደውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ዘይቱን ሲቀንሱ በምትኩ እንፋሎቱን መያዝ አለብዎት።

ከአሰር (ፋይበር) አንጻር፣ 60 ግራም ያልተነፋ ስንዴ ከ6 ግራም ያላነሰ አሰር ሲሰጥ፣ የፉርኖው 2 ግራም እንኳ አይሞላም። ዳጉሳ በ100 ግራም ውስጥ 340 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ የስንዴው ከዚህ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው።

የሂርማታ እናት፦

ልጄ፣ ወንድሞችሽ በሚዛን ነግረውሻል፤ እኔ በእጅ ልንገርሽ። ቂጣ እየጋገርኩ ልጆች ያሳደግሁ ነኝ፤ ዘይት የሚባለው ነገር ቤታችን የገባው ዘግይቶ ነው፤ ቂጣችን ግን ደርቆ አያውቅም ነበር።

ያስፈጨሽውን ስንዴ ጨርሰሽ አትንፊው፤ ሳትነፊም አትተዪው። ሰፋ ባለው ወንፊት አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፊውና ከላይ የሚቀረውን ሻካራውን ፉርሽካ አውጪው፤ ደቃቁ ይግባ። የምታቦኪው ማታ ይሁን እንጂ ጠዋት እየተጣደፍሽ አይሁን። ውሃው እጅሽን በትንሹ የሚያቃጥል ለብ ያለ ይሁን፤ ለአንድ ኪሎም ግማሽ ሲኒ እርጎ ጨምሪበት። አሽተሽ ስትጨርሺ ሊጡን በጣትሽ ጫን አድርጊው፤ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ተመልሶ ከሞላ ደርሷል፤ እንደተጎደጎደ ከቀረ ውሃ በዝቶበታል፤ ቶሎ ዘልሎ ከተመለሰ ገና ይረፍ።

ምጣዱ ሳይግል አታውጪ። ያልጋለ ምጣድ ላይ የቆየ ቂጣ ውሃው ሁሉ ቀስ ብሎ ያልቅበታል፤ እርሱ ነው የሚደርቅብሽ። በደንብ ግሎ ቶሎ የወጣ ግን ውሃው ውስጡ ይቀራል። ከምጣድ እንዳወጣሽ ሳህን ላይ አትዘርጊው፤ ንጹሕ ነጠላ ወይም የጥጥ ጨርቅ ውስጥ እየደረብሽ ጠቅልለሽ ሞሶብ ውስጥ ክደኚው፤ አንዱ የሌላውን ላብ ይጠጣል። ላስቲክ ውስጥ ግን እንዳትከቺው፤ ውሃ ያቁርና ይላቆጣል። በጅማ ዝናብ ደግሞ እስከ ማታ ቢቆይ ይሻግትብሻል፤ ስለዚህ የዕለቱን ለዕለቱ ጨርሺ።

ነጭ አዝሙዱን ሕንዶችም ያውቁታል መባሉን አሁን ገና ሰማሁ። በእጅሽ መዳፍ አሸት አድርገሽ ብትጥዪበት የዘይቱን ጣዕም የሚፈልግ ሰው አይኖርም።

የስኳር ክትትል ነርስ፦

የማስታወቂያውን ጥያቄ ማንም ስላልመለሰው እኔ ልመልስ፤ እባክዎን "ለስኳር ሕመምተኞች የሚስማማ" ብለው አይጻፉ። ቻፓቲው ከየትኛውም እህል ቢሠራ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ደም ውስጥ የሚገባ ምግብ ነው፤ ልዩነቱ የፍጥነትና የመጠን ነው። ዳጉሳን እንደ መድኃኒት የሚቆጥሩ ብዙ ታካሚዎች ያጋጥሙኛል፤ በጣም የደቀቀ የዳጉሳ ዱቄት ግን ስኳርን ፈጥኖ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አምኖ ሁለት የሚበላው ቦታ ሦስት የሚበላ ሰው ይጎዳል። ከዚህ ይልቅ ውስጡ ያለውን ብቻ በእውነት ይጻፉ፤ ያልተነፋ ስንዴ፣ ዳጉሳ፣ ሽምብራ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት። አንባቢው ራሱ ይወስን።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ከተማ፣ ስሙን ልተወውና፣ "የጥቁር ስንዴ" ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ዳቦ ለአባቴ ለወራት እየገዛሁ ቆይቼ፣ መጨረሻ ላይ ጋጋሪው ራሱ ፉርኖ ውስጥ ጥቂት ፉርሽካና የተቃጠለ ስኳር እንደሚጨምርበት በሣቅ ነገረኝ። ጋጋሪውን ሳይሆን ራሴን ነበር የታዘብኩት፤ ነርስ ሆኜ መለያ አላነበብኩም፣ አልጠየቅሁም።

ጡረተኛው አባት ዘንድ ስመለስ፣ ቻፓቲውን ከምን ጋር እንደሚበሉት ከቻፓቲው ያልተናነሰ ቁም ነገር ነው። አንድ መካከለኛ ቻፓቲ ዘይቱ ከቀነሰ ፉል ጋር ወይም ከእንቁላል ጋር ሲበላና ያው ቻፓቲ ከማርና ሦስት ማንኪያ ስኳር ካለው ሻይ ጋር ሲበላ አንድ አይደለም። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ወስደው ቁርስ ሳይበሉ መዋል ስኳራቸውን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርደው ስለሚችል፣ ሻይ ብቻ ጠጥተው መሄዳቸው ራሱ መጠየቅ ያለበት ነው። መጠኑን ከሚከታተላቸው ሐኪም ጋር ይነጋገሩበት። ጨውንም አይርሱ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ ፉሉም ጨው አለው።

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እኔ ቻፓቲ የምበላው እስከ ምሳ እንዲያቆየኝ ነው። የድሮውን ጨርሰው እንዳያጠፉብን፤ ሁለቱም ይኑር።

ቁርስ ቤት ከጅማ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልስ ለመስጠት የዘገየሁት ሦስት ሳምንት ሞክሬ ልጻፍ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ያደረግሁት ዘይቱን መለካት ነበር። ለአንድ ጠዋት እንደወትሮዬ ሠርቼ ከጀሪካኑ የጎደለውን ለቻፓቲው ቁጥር ሳካፍለው ባለሙያው እንዳሉት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ማፈር አይበቃም። አሁን ሊጡ ውስጥ ምንም አላስገባም፤ ምጣዱን በዘይት በተነከረ ጨርቅ ጠረግ አድርጌ እጋግርና ሲወጣ በአንድ በኩል ብቻ አስነካዋለሁ። ለዱቄቱ ብዙ ከተለዋወጥኩ በኋላ የረጋሁበት ልክ፣ ከአሥር ኩባያ ስድስቱ በሰፊ ወንፊት ያለፈ ስንዴ፣ ሁለቱ ፉርኖ፣ አንዱ በፈላ ውሃ የተገነፋ ዳጉሳ፣ አንዱ ሽምብራ ነው። ሽምብራውን ሁለት ሳደርገው ሊጡ ሽሮ ሽሮ አለኝ። እማማ እንዳሉት በጨርቅ ጠቅልዬ ሞሶብ ውስጥ ሳኖረው እስከ 5 ሰዓት ይታጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ግን አሁንም ይደርቃል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ዙር 3 ሰዓት ላይ እጋግራለሁ።

እርጎው ላይ አንድ እክል ገጥሞኛል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ደንበኛ ስላለኝ በእነዚያ ቀኖች እርጎ አላስገባም፤ በምትኩ ድንች የቀቀልኩበትን ውሃ ነው የምጠቀመው፤ ልስላሴው ትንሽ ቢቀንስም ያስኬዳል። ጾም ሲገባ ሁልጊዜ እንዲሁ መሆኑ ነው።

ወጪው እንደፈራሁት አልከበደም፤ ለዳጉሳና ለወፍጮ የወጣውን ከዘይቱ የተረፈው ሸፍኖታል፤ ስለዚህ ዋጋውን አልነካሁም። ያስቸገረኝ ጊዜው ነው። ያለ ዘይት የሚጋገረው ቀጭን ሆኖ መዳመጥ አለበት፤ አንዷ ልጅ ስትዳምጥ ሌላዋ ምጣዱ ላይ ካልቆመች ተማሪው ሰልፍ ላይ ይንጫጫል። ለተማሪውም የድሮውን አላጠፋሁበትም፤ በግማሽ ዘይት ነው የምሠራለት፤ እስካሁን ግን ልዩነቱን አላወቀብኝም።

ግድግዳው ላይ ነርሷ እንዳሉኝ ውስጡ ያለውን ብቻ ጻፍኩ። ጡረተኛው አባት አንብበው፣ ሐኪማቸውን ጠይቀው በሳምንቱ ተመለሱ፤ አንድ ከፉል ጋር ይበላሉ፤ ኢንሱሊን አይወስዱም፤ ክኒን ነው። ሕንዳዊው መምህር ደግሞ አሁን ዘይቱ ደህና ነው፣ ዳጉሳውም የአገሬን አስታወሰኝ፣ ውፍረቱ ግን ገና ነው ብለውኛል፤ በቀጥታ እሳት ላይ እንዲነፋ ለማድረግ ከአሥር ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚሳኩልኝ፤ የቀሩት በጠርዛቸው ተቀደው እንፋሎቱ ያመልጣል። ስትዳምጡ ጠርዙን ከመሐሉ ጋር እኩል የምታደርጉበት ዘዴ ያላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ፈጢራውን ግን ገና አልነካሁትም።

የሂርማታ እናት፦

መዳመጫውን ከመሐል ወደ ዳር እየገፋሽ ሊጡን ሩብ ሩብ አዙሪው፤ ዳሩ ላይ ስትደርሺ እጅሽን አቅልይ። ሲጣበቅብሽ በዱቄት ብዛት አትፈትጊው፤ የተረፈው ዱቄት ምጣዱ ላይ ያርርና ይበሳዋል። ፈጢራውን ተዪው፤ እርሱ የበዓል ነው።